አስካለን ያመጣሉ የተባሉ ትሎች

ሰው ሲናፍቅ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል ይላሉ። ደመናውን፣ ወፉን፣ ካሰኘውም ጨረቃዋን። እኔ ግን ስናፍቅ ጎንበስ ብዬ መሬት ነው የማየው። በተለይ ከአከራዬ ከእትዬ በላይነሽ ሽንት ቤት ጀርባ ያለችውን መሬት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም፤ የኮልፌ ሰው አስቀድሞ ስቆብኝ ጨርሷል።

ሥራዬ የአፈር ላቦራቶሪ ረዳት ነው። ስሙ ሲጠራ ደስ ይላል። ሥራው ግን አፈር መንፋት፣ ጠርሙስ ማጠብ፣ ቁጥር መጻፍና ተመራማሪዎች ሲቆጡ "እሺ" ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አፈርን የማውቀው በጠርሙስ ውስጥ ጸጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ ዱቄት ነበር። ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የነገረችኝ አስካለ ናት።

አስካለ በክፍላችን ተመራማሪ ነበረች። ሌሎቹ ስለ ስንዴና ስለ ማዳበሪያ ሲያወሩ እሷ የምታወራው ስለ ትል ነው። አንድ ቀን አንድ እፍኝ አፈር ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሳ፣ ማጉያ መነጽር አስያዘችኝና "እስቲ እይ" አለችኝ። አየሁ። ከስኳር ቅንጣት ያነሱ ነገሮች ይዘላሉ። ስምንት እግር ያላቸው ይርመሰመሳሉ። ከክር የቀጠነ ነጭ ትል ይጠማዘዛል።

"እነዚህ ባይኖሩ" አለች፣ "ከአዳም ጀምሮ የረገፈው ቅጠል ሁሉ ሳይበሰብስ ተከምሮ ዛሬ እስከ አንገታችን ይደርስ ነበር። ዛፉም የሚበላው አጥቶ ይደርቅ ነበር።"

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ያየሁት በማጉያው ውስጥ ሳይሆን ከማጉያው በላይ ነው። ጥፍሯ ሥር አፈር ነበረ። ምን ልበላችሁ፣ እዚያው ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር፣ ወደ ሶፊያ እንድትሄድ ተወሰነ። የጥናቷ ጥያቄ ይኸው ነበር፦ የግራዋ ቅጠልና የባሕር ዛፍ ቅጠል መሬት ውስጥ ቢቀበሩ የትኛው ቶሎ ይበላል? የሚበላውስ ማነው? ችግሩ ቅጠሉ የሚቀበርበት ቦታ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የሙከራ መሬት በዚያው ሰሞን "ሠራተኛው ሁሉ ያምርት" ተብሎ ጥቅል ጎመን ተተክሎበታል።

"አንተ የምትኖርበት ግቢ አፈር አለ?" አለችኝ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንዲት ሴት ስለ ኑሮዬ ስትጠይቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። "ሞልቷል!" አልኩ። በየክረምቱ ጫማዬን ከእግሬ አውልቆ የሚያስቀረው የኮልፌ ቀይ ጭቃ በአንድ ጊዜ ኩራት ሆነልኝ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ኮሪደር ላይ አቁማ አደራውን ነገረችኝ። "የሶፊያው ፕሮፌሰሬ አንድ ዓመት ነው የሰጠኝ። የሙሉ ዓመቱ ቁጥር ከደረሰኝ በአገሬ አፈር ጽፌ እመለሳለሁ። ካልደረሰኝ በእነሱ አፈር እንደ አዲስ መጀመሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት ይጨምርብኛል። ግማሽ ዓመት ብትልክልኝ ምንም አይጠቅመኝም። ገባህ?"

ገባኝ እንጂ። አስካለ በዓመቷ መምጣቷ ወይም ሌላ ሦስት ዓመት መቅረቷ የኮልፌ ትሎች ምሳቸውን በሰዓቱ መብላታቸው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ በደንብ ገባኝ።

ዘዴው ቀላል ነው። የደረቀ ቅጠል መዝነህ ከረጢት ውስጥ ትከታለህ፣ ትቀብራለህ፣ በየሦስት ወሩ ጥቂቱን አውጥተህ የተረፈውን ታደርቅና ትመዝናለህ። የጎደለው ተበልቷል ማለት ነው። ከረጢቱ ግን ሁለት ዓይነት መሆን አለበት። ቀዳዳው ሰፋ ያለው ትል ያስገባል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነው ትሉን ውጭ አስቀርቶ በዓይን የማይታዩትን ብቻ ያስገባል። የሁለቱ ልዩነት የትሉ ድርሻ ነው። ለሰፊው ቀዳዳ ጎረቤቴ ጋሽ ከድር የሽንኩርት ነጋዴ ስለሆኑ ሽንኩርት የሚመጣበትን መረብ ሰጡኝ። ለጠባቡ ደግሞ አስካለ "ከሴት ስቶኪንግ የሚሻል የለም" ብላኝ ሄዳለች።

መርካቶ ወርጄ ስድስት ጥንድ ስቶኪንግ ጠየቅሁ። ባለሱቋ ፈገግ ብላ "የሷ ቁመት ምን ያህል ነው?" አለችኝ።

"ቁመት አያስፈልገውም፤ የሚቀበር ነው" አልኩ።

ፈገግታዋ ጠፋ። "ነፍስ ይማር" አለችና ሳልከራከራት ዋጋ ቀንሳ ሸጠችልኝ።

እትዬ በላይነሽ አሥራ ሁለቱ እግር ስቶኪንግ አልጋዬ ላይ ተደርድሮ ባዩ ጊዜ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። "መቼ ነው?" አሉኝ። "ምኑ?" ብላቸው "ሠርጉ ነዋ!" አሉ። እዚያው ቆመው እያዩኝ ስቶኪንጉን በመቀስ ቆረጥኩና የግራዋ ቅጠል ጠቀጠቅሁበት። ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ለሦስት ቀን እራት ላኩልኝ፤ አጥሚት ነበር፣ ለታመመ ሰው የሚደረገው።

ቀጥሎ መቅበሩ መጣ። ይህን ለመረዳት የዚያን ጊዜውን ኮልፌ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ለቤት አሰሳ በነበረ ጊዜ ሰው የሚፈራበትን ነገር ሁሉ አፈር አልብሶታል፤ አንዱ ጠብመንጃ፣ አንዱ መጽሐፍ፣ አንዱ ፎቶግራፍ። ማን ምን እንደ ቀበረ አይወራም። በግቢው የትኛው ቦታ እንደማይነካ ግን ሁሉም ለየራሱ ያውቃል።

"ቆፍር ልጄ፣ ግቢው የራስህ ነው" አሉኝ እትዬ በላይነሽ። ቧንቧው አጠገብ አካፋዬን ሳሳርፍ "እዚያ ጋ እንኳ ይቅርብህ" አሉ። ወደ ጥዱ ዛፍ ሥር ስሄድ "እዚያማ ፈጽሞ!" አሉ፣ አካፋዬን ጨብጠው። በመጨረሻ በእጃቸው ሽንት ቤቱን አሳዩኝ። "ከዚያ ጀርባ ማን ከለከለህ?"

ግማሹን ጋሽ ከድር ግቢ ልቅበር ብላቸው እሳቸውም "በደስታ" አሉ። ደስታቸው ግን ከአጥሩ ሁለት ክንድ አላለፈም። አካፋዬ ወደ ዶሮ ቤቱ ባጋደለ ቁጥር ሳላቸው ይነሣል። አስካለ በጻፈችልኝ መመሪያ ላይ "ከረጢቶቹ በዘፈቀደ ይበተኑ" ይላል። በኮልፌ በዘፈቀደ የሚቆፈር መሬት አልነበረም። በመጨረሻ ሃያ አራቱም ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተሰልፈው ተቀበሩ።

ሦስት ወር ሞላና የመጀመሪያዎቹን ስድስት አወጣሁ። ከሽንኩርቱ መረብ የወጣው ግራዋ ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። ከስቶኪንጉ የወጣው ግራዋ ገና ግራዋ ነው። ባሕር ዛፉን ማንም አልነካውም፤ እንዲያውም ከተቀበረ ወዲህ የተመቸው ይመስላል። ደስታዬን አልችል ብዬ መዝኜ፣ ጽፌ፣ "ለጓድ አስካለ" ብዬ ላክሁ። መልሷ ሲመጣ "ግሩም ነው! የቀረውን በጉጉት እጠብቃለሁ" ይላል። ያ ጉጉት ለቁጥሩ ይሁን ለላኪው አንድ ሳምንት ሙሉ አጠናሁት፤ ውጤት ላይ አልደረስኩም።

በጋው ሲገባ ጭንቅ መጣ። መሬቱ ሲደርቅ ትል ወደ ታች ይጠልቃል፣ ሥራ ያቆማል። ሥራ ካቆመ ቅጠሉ አይጎድልም። ቅጠሉ ካልጎደለ ደግሞ ምን ቁጥር ልልክላት ነው? ውሃ በጣሳ ሞልቼ ወደዚያው እሄዳለሁ። እደርስና "ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው" የሚለው መመሪያዋ ትዝ ይለኛል፤ ጣሳውን ይዤ እመለሳለሁ። ሰው ውሃ የሞላ ጣሳ ይዞ ወደ ሽንት ቤት ሄዶ፣ ውሃውን እንደሞላ ይዞ ሲመለስ የሚያይ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ ለእናንተ ትቻለሁ። ውሃው ቢከለከል ልመና አልተከለከለምና በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እዚያ ቆሜ "እባካችሁ ብሉ፣ ቶሎ ቶሎ ብሉ" እላቸው ነበር።

ሁለተኛዎቹን ስድስት ባወጣሁበት ቀን አንድ አብዮት ጠባቂ በአጥሩ ቀዳዳ አይቶኝ ኖሯል። እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠራ። አዳራሹ ሙሉ ነው። እትዬ በላይነሽ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ጓድ፣ በግቢህ ምን ቀብረህ ነው?" አሉኝ ሊቀመንበሩ።

"ቅጠል።"

"ቅጠል ለምን ይቀበራል?"

"እንዲበላ ነው።"

"በማን?"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አስካለ ያሳየችኝ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ስለ እሷ ሳወራ የዋልኩ ያህል ጣፈጠኝ። ስለ ትሉ፣ ስለ ሻጋታው፣ ዘለው ስለሚጠፉት ነፍሳት፣ የረገፈውን ቅጠል አድቅቀው መልሰው ለዛፉ ስለማብላታቸው ሁሉንም ተናገርኩ። "ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት፣ ለሁሉም እኩል ይሠራሉ!" ስል አዳራሹ አጨበጨበ። በዚያ ዘመን አዳራሽ ለማጨብጨብ ብዙ አይለመንም።

ሊቀመንበሩም ደስ አላቸው። "መሪያቸው ማነው?" አሉ።

"መሪ የላቸውም" አልኩ።

ጋሽ ከድር ሳሉ። ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አስቀመጡና "ነገ ከቀትር በኋላ ኮሚቴው መጥቶ በዓይኑ ያያል። አንተም ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ ይዘህ ጠብቅ" አሉ።

እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ስለ ትል ለመስማት ቤቴ ድረስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ጠዋት መሥሪያ ቤት ሄጄ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ማኅተም የሚያደርገው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል። እስኪመጣ ጠብቄ፣ አስመትቼ፣ ከፌርማታው ሮጬ ከቀትር በፊት ግቢ ደረስኩ።

ፀሐዩ ደማቅ ነበር። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ስድስት ስቶኪንግና ስድስት የሽንኩርት መረብ ታጥበው፣ ተጨምቀው፣ በመቆንጠጫ ተይዘው ይወዛወዛሉ። ከቲማቲም ጣሳ ቆርጬ ያሰርኩባቸው የቁጥር ምልክቶች ሳይቀሩ ተፈትገው ሣህን ላይ ያበራሉ።

"ቅጠሉስ?" አልኩ።

"የቱ? ያ ብስባሽ? ሽንት ቤት ጨመርኩታ" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"ምን አደረጉኝ እትዬ! ምን አደረጉኝ!" ብዬ ጮህኩ። ስድስት ወር የተቀበረ፣ የተለመነ ትል የበላው ቅጠል፣ አስካለ የምትመጣበት ቅጠል! ከእሳቸው ጋር ስኖር ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

"ዝም በል፣ አትጩህ" አሉኝ። እጃቸውን አየሁት። እስከ ክርናቸው ቀይ አፈር ነው። የአካፋ ድምፅ እንዳይሰማ በእጃቸው ነበር የቆፈሩት። "ሲመጡ ምንም አያገኙም። ልጄ 'እማዬ፣ መጽሐፎቼን አውጪና አቃጥያቸው' ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ። የመጡ ቀን አላወጣሁም ነበር። ይዘውት ሄዱ፤ ይኸው እስካሁን። ለእሱ አልደረስኩለትም። ለአንተ ግን ደረስኩልህ።"

የልጃቸው ፎቶግራፍ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየቀኑ አየዋለሁ፤ አንድም ቀን ማነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አፈርኩ። የእኔ ናፍቆት አድራሻ አለው፣ ቴምብር ለጥፌ እልክለታለሁ። የእሳቸው ግን የት ይላካል? "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አልኩ፤ ከልቤ ነበር።

"ስቶኪንጉንም አልቀደድኩብህም" አሉኝ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ኮሚቴው ሦስት ሆኖ መጣ። ሊቀመንበሩ ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ገመዱን አዩ። "እዚህ ግቢ ስንት ሴት ነው ያለው?" አሉ። ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው። አነበቡና "ታዲያ ሣይንሱ የት አለ?" አሉ። ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰድኳቸው። ጉድጓዶቹ ባዶ ናቸው። አንዱን ጠለቅ አድርጌ ስቆፍረው ግን አንዲት ወፍራም ትል ተጠማዝዛ ወጣች።

ሊቀመንበሩ ቁጢጥ አሉ። "መሪ የላትም ያልከው ይቺን ነው?"

"አዎ።"

ብዙ አዩዋት። "ተመችቷታል" አሉ በመጨረሻ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ "ፍተሻ ተደርጓል፤ አንድ ትል ተገኝቷል፤ እዚያው ተትቷል" ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ፈረሙ።

የሚቀጥለው እሑድ ሠንጠረዡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የዘጠነኛውና የአሥራ ሁለተኛው ወር ሣጥኖች ባዶ ናቸው። ስድስት ዓመት ቁጥር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ምን መምሰል እንዳለበት አውቃለሁ። ግራዋው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ባሕር ዛፉ ባለበት ይቆያል፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ዝብርቅርቅ ይደረጋል፣ ቀኑ ሲደርስ ይላካል። በእርሳስ ሞላሁት። ምን የመሰለ ሠንጠረዥ ሆነ! ከትክክለኞቹ ይበልጥ ትክክል ይመስላል። አስካለ ከአውሮፕላን ስትወርድ ታየኝ። ሻንጣዋን ስቀበላት ታየኝ። "የዘጠነኛው ወር ግራዋ ግን እንዴት እንደዚያ ሆነ?" ብላ ስትጠይቀኝ ታየኝ። እዚህ ላይ ቆምኩ።

ለእውነት ተሟገተ ብላችሁ ጀግና እንዳታደርጉኝ። መምጣቷን ከእውነት ይልቅ ነበር የምፈልገው። ግን የምትኮራበት ሥራ መሐል እኔ ያስቀመጥኩት ውሸት እንዳለ እያወቅሁ ዕድሜ ልኬን አጠገቧ እንዴት እቀመጣለሁ? ውሸት እንደ ባሕር ዛፉ ቅጠል ነው፤ ማንም አይበላልህም። ላጲስ አነሳሁና አጠፋሁት። ወረቀቱ እስኪሳሳ ነበር ያጠፋሁት።

ሣጥኖቹ ላይ ሰረዝ አደረግሁ። "ማስታወሻ" የሚለው ዓምድ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ እትዬ በላይነሽን፣ ልጃቸውን፣ ገመዱን። ጽፌ ስጨርስ ትንሽ ቦታ ተረፈ። ባዶ ቦታ በሠንጠረዥ ላይ አልወድም፤ የሥራ ልማድ ነው። እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ "ትሎቹን በየጠዋቱ ቶሎ ብሉ እያልኩ የምለምነው ለፕሮፌሰርሽ ብዬ አልነበረም። አንቺ እንድትመጪልኝ ነበር።"

ፖስታ ቤት ሣጥን ውስጥ ስከተው ጠብ ሲል ሰማሁት። ወዲያው ተጸጸትኩ። መልሼ ላወጣው ሞከርኩ፤ እጄ እስከ አንጓዬ ገብቶ ተያዘ። ዘበኛው መጥቶ "ወንድሜ፣ የገባ ደብዳቤ አይወጣም" ብሎ ቀስ አድርጎ አላቀቀኝ።

አራት ወር መልስ አልመጣም። መቼም እነዚያን አራት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግራችሁም። ከሽንት ቤቱ ጀርባ የምለምነው ነገር ባይኖርም በየጠዋቱ እቆም ነበር ብል ይበቃል። እትዬ በላይነሽ አንዳንድ ቀን መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ። ሁለታችንም መሬት እናያለን።

ደብዳቤው ሲመጣ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር።

"ርእሴ ተለውጧል፤ ሦስቱ ዓመት ተጀምሯል። አከራይህን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። ፕሮፌሰሬ ማስታወሻው ላይ ጣቱን አድርጎ 'ምን ይላል?' አለኝ። አልተረጎምኩለትም። እዚህ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ክረምቱ ይከብዳል፣ አማርኛ የማወራው ሰው የለኝም። በየወሩ ጻፍልኝ። ቁጥር ግን አይኑርበት።"

ሦስት ዓመት የሚለውን ሳነብ ቅስሜ ተሰበረ። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ስንት ጊዜ እንዳነበብኳቸው ግን አልቆጠርኩም።

ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ቁጥር የሌለበት ደብዳቤ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። የመጀመሪያው "በዚህ ወር የዘነበው ዝናብ" ብሎ ጀመረ፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው የአፈሩን ሙቀት ሊነግራት ሲንደረደር ያዝኩት። ሦስተኛው ላይ "ውድ አስካለ፣ ናፍቀሽኛል" ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ከሄደች ስንት ቀን እንደ ሆናት አውቃለሁ፤ ያን ቀን ጠዋትም ቆጥሬው ነበር። እሱን ግን አልጻፍኩላትም።